ቢጫው ነበልባል

ሹፌሮቹ ትክክለኛ ስሟን አያውቁትም ነበር። ያወቁትም ረስተውታል። ጠጠር የጫነ መኪና ወደ መኪና መመዘኛው ሚዛን በወጣ ቁጥር ክብደት ከምትመዘግብበት ክፍል ትንሿ መስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ «ተጠንቀቅ!» ትላለች፤ ሲወርድም እንደዚያው። በዚህ የተነሳ «እትዬ ተጠንቀቅ» አሏት፤ ቅጽል ስሙም በልኳ እንደተሰፋ ቀሚስ ገጠመላት። አንዳንዱ ቀልደኛ ቀድሟት «ተጠንቅቄያለሁ እትዬ!» እያለ ያልፋል። እሷ ቀልዱን እንዳልሰማች ሆና የኋላው ጎማ ከሚዛኑ ጠርዝ እስኪርቅ ድረስ ዓይኗን አትነቅልም።

ፈሪ ነበረች፤ ይህን ራሷም አትክድም። ውሻ ትፈራለች፣ መብረቅ ትፈራለች፣ በማለዳ የሚጮኽ ስልክ ትፈራለች። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ግን ጋዝ ነው። ልጅ ሳለች የጎረቤታቸው ምድጃ ተንቦግቡጎ የሴትየዋን ሻሽ ከነጸጉሯ ሲለበልበው በመስኮት አይታለች። ሴትየዋ ተርፋለች፤ የተመልካቿ ልብ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ ቦታው አልተመለሰም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ክብሪት ሲጫር እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች።

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። እሷ እናቷን ያጣችው በስድስት ዓመቷ ስለሆነ ያ ሁሉ ፍርሃት የተረፈው ለታላቅ እህቷ ነበር። እህቷን እቴቴ ነው የምትላት። እቴቴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች፤ ያሳደገቻትም፣ ያስተማረቻትም እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስትቀቅልና ስትተኩስ ኖራ ጡረታ ወጣች። ምንም ነገር አያስደነግጣትም። «ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በለው አለ» የምትለው አባባል ከአፏ አይጠፋም፤ ስትለውም ትስቃለች።

እትዬ ተጠንቀቅ የምትኖረው የምትሠራበት ድርጅት በሰጣት ጎማ ባለው ቤት ውስጥ ነበር። በመኪና ተጎትቶ መጥቶ ከድንጋይ መፍጫው ግቢ ዳር፣ ከሚዛኑ መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በአንደኛው ጫፍ አልጋ፣ በሌላው ጫፍ ወደ አልጋ የሚቀየር ሶፋ፣ መሀል ላይ የእቃ ማጠቢያና ባለ ሁለት ምድጃ ቡታ ጋዝ፣ ከእሱ ትይዩ ደግሞ በእሷ ወገብ ልክ የሆነ ፍሪጅ አለ። ፍሪጁ የሚሠራው በጋዝ ነው። የግቢው ጄኔሬተር ሥራ ሲቆም ስለሚጠፋ፣ ከጣሪያው ላይ ያለችው የፀሐይ ሰሌዳም ከአንድ አምፖልና ከአንዲት ማራገቢያ በላይ ስለማትችል በኤሌክትሪክ ፍሪጅ መመካት አይቻልም። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ከጀርባው ትንሽ እሳት አለው፤ ያ እሳት ሌት ተቀን ይነድዳል። እሳት እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ጠይቃ አታውቅም። ሲሊንደሩን ሹፌሮቹ ይቀይሩላታል፤ እሳቱንም እነሱ ይለኩሱላታል። ከውጭ በኩል በግድግዳው ላይ ሁለት ፍርግርጎች አሉ፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከፍታ አላየቻቸውም። እሳቱ እዚያ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ እሱም አላያት፣ እሷም አላየችው፤ በሰላም ኖረዋል።

እቴቴ ጉልበቷ ደክሞ ብቻዋን ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ታናሽ እህቷ ጋ መጣች። ከሻንጣዋ ጋር የስኳር በሽታዋንም ይዛ መጣች። በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ የሁለት ወር መድኃኒቷ በፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ በትንሽ ሣጥን ተቀምጧል። ታናሽየዋ በዚያው ቀን ቴርሞሜትር ገዝታ ከሣጥኑ አጠገብ አስቀመጠች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ፣ ከዚያ አይለፍ» ብላ ነበርና።

ለወራት አምስት ይል ነበር። በኋላ የበጋው ሙቀት መጣ።

በመጀመሪያው የንዳድ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ፍሪጁን ስትከፍት ቴርሞሜትሩ አሥራ አንድ ይላል።  ዘግታ፣ ትንሽ ጠብቃ፣ እንደገና ከፈተችው። አሥራ አንድ።

«እቴቴ፣ ፍሪጁ ሞቋል።»

«እኔም ሞቆኛል» አለች እቴቴ ከሶፋው ላይ። «በዚህ ሙቀት ማን ቀዝቅዞ ፍሪጁ ይቀዝቅዝ? ይልቅ ዝጊው፣ ከፍተሽ አትቁሚ።»

መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ድረስ አዞረችው። በማግስቱ አሥራ አራት ሆነ። ውጭው አርባ አንድ ዲግሪ ነው፤ የሚዛኑ ብረት ላይ እንቁላል ቢሰበር ይጠበሳል። ከመፍጫው በኩል የሚመጣው ነፋስ እንደ ምድጃ አፍ ያቃጥላል፤ የድንጋይ አቧራውም ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ሁለቱ እህትማማቾች አቧራውን ፈርተው መስኮቱን ሁሉ ጠረቀሙት።

እትዬ ተጠንቀቅ በሚዛኑ ክፍል ተቀምጣ የመኪና ክብደት እየጻፈች የምታስበው ስለዚያ ሣጥን ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ቢበላሽስ? ተበላሽቶ እንደ ደህና ቢወጋስ? እቴቴ ተኝታ ብትቀርስ? ስታስብ ስታስብ በምሳ ሰዓት አንድ ነገር ተገለጠላት። ያ እሳት የሚመስል ነፋስ በቀጥታ የሚመታው ሁለቱ ፍርግርጎች ያሉበትን ግድግዳ ነው። ሙቀቱ በእነሱ በኩል እየገባ ነዋ! ታዲያ ፍሪጁ እንዴት ይቀዝቅዝ?

ካርቶን ቀደደች፣ ወፍራም ፕላስተር አመጣች። እቴቴም በምርኩዟ ወጥታ «እስቲ እኔ ልያዝልሽ» ብላ ካርቶኑን በሁለት እጇ ግድግዳው ላይ ደግፋ ያዘችላት። የታችኛውንም የላይኛውንም ፍርግርግ አንድ የአየር ቀዳዳ ሳይቀር ለጠፉት። እትዬ ተጠንቀቅ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች።

በማግስቱ ግን አሥራ ሰባት ይላል።

የዚያን ቀን እቴቴ ቁርሷን አልበላችም። «ራሴን ወጥሮ ያዘኝ፣ ያቅለሸልሸኛል» አለች። እቴቴ አሞኛል የምትል ሴት አይደለችም። ስኳሯን ብትለካው ብዙም አልከፋ፤ ጥቂት ከፍ ብሏል እንጂ። «ሙቀቱ ነው» አለች እቴቴ። ታናሽየዋም ራሷን ያማት ነበር፤ ወደ ሚዛኑ ስትሄድ ይተዋታል፣ ቤት ስትገባ ይመለስባታል። እሷም «ሙቀቱ ነው» አለች፤ ግን ልቧ አላመነም። ልቧ መድኃኒቱ ተበላሽቷል ነበር የሚላት። ፍርሃቷ ግን አቅጣጫውን ስቶ ነበር።

ከሹፌሮቹ መሀል «ዝምታ» የሚሉት አንድ ነበር። ቀይ መኪና ይነዳል፤ ሰላምታውን እንኳ በቅንድቡ ነው የሚሰጠው። ያን ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ባዶ መኪናውን ሊያስመዝን ሲወጣ «ተጠንቀቅ» የሚለው ድምፅ አልመጣም። ቀና ብሎ ቢያይ ሴትየዋ መስኮቱ ላይ እንባዋን ትጠርጋለች። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ምን ሆንሽ?»

ነገረችው፤ ፍሪጁን፣ መድኃኒቱን፣ ሁሉንም። ዝምታ ከደረት ኪሱ አንድ የተቀዳደደ ወረቀት አወጣና ስልክ ቁጥር አሳያት። «በረዶ ይሉታል። የጎማ ቤቶችን ፍሪጅ እሱ ነው የሚሠራው።» ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

እየደወለች ወደ ቤቷ ሄደች። በስልኩ የሚያነጋግራት ሰውዬ ድምፁ የሻከረ አዛውንት ነው።

«ጋሼ በረዶ፣ ፍሪጄ አልቀዘቅዝ አለኝ» ብላ ጀመረች።

«በሙቀት ጊዜ ሁሉም ያስቸግራል፤ አትደንግጪ የኔ እህት። ቤቱ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው? ያዘነበለ ነገር የለም?»

«እኔ እንጃ።»

«ከኋላው ያሉት ፍርግርጎችስ? አየር በደንብ ያገኛሉ?»

ካርቶኑን አየችው። «ሙቀት እንዳይገባ... በካርቶን ዘጋኋቸው።»

 የሰውዬው ድምፅ ተለወጠ፤ ዝግ ብሎ፣ ቃል በቃል ይናገር ጀመር። «አሁን የት ነሽ?»

«ከውጭ፣ ከቤቱ ጀርባ ቆሜያለሁ።»

«የታችኛውን ካርቶን ላጪው። በፍርግርጉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እዪ። እሳቱ ምን ዓይነት ነው?»

ፕላስተሩን ገነጠለችው። ትኩስና የሚከረፋ አየር ፊቷ ላይ ወጣ። ፈራች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ግድ ሆኖባት ገለጠችው። ከሦስት ዓመት በኋላ ያን እሳት አየችው። ረዘም ያለ፣ የሚወዛወዝ፣ ጫፉ የሚጨስ ነበልባል ነው፤ ዙሪያው በሙሉ ጥላሸት ለብሷል።

«ቢጫ ነው» አለች።

«ቤት ውስጥ ሰው አለ?»

«እህቴ ተኝታለች።»

«ራሷን አሟታል?»

«ከጠዋት ጀምሮ» አለች። ከሰል በዝግ ቤት አጭሰው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ማን ያልሰማ አለ? እሷማ ይህን ሁሉ ዓመት ስትሰማና ስትፈራ ነው የኖረችው። ግን ሞት በካርቶንና በፕላስተር፣ በገዛ እጇ ተለጥፎ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

«ስሚኝ» አለ ሰውዬው። «ሲሊንደሩን ዝጊ። ወደ ቀኝ አዙሪው። ከዚያ በሩን ብርግድ አድርገሽ ክፈቺና ሴትዮዋን አውጫት። ክብሪት እንዳትጭሪ። መስኮቱን እከፍታለሁ ብለሽ ውስጥ አትዘግዪ። አሁኑኑ!»

ሲሊንደሩን በእጇ ነክታው አታውቅም። ፀሐይ ያጋለው ብረት መዳፏን ፈጀው፤ አዞረችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አልዞር እስኪል። ከዚያ ሮጠች። በሩን ስትከፍተው የውስጡ አየር ከበዳት። እቴቴ ሶፋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች።

«እቴቴ! እቴቴ ተነሺ!»

አልመለሰችም። ትከሻዋን ብትወዘውዛት እንደ ጨርቅ ተዘለፈለፈች። እትዬ ተጠንቀቅ ከዚያ በኋላ ያለውን ስትናገር ብዙውን አታስታውሰውም። ውጪ ውጪ እንዳላት፣ አንድ እግሯ ወደ በሩ እንደዞረ ታስታውሳለች። ይህን ለማንም አልሸሸገችም፤ «ጥያት ልወጣ ነበር፤ እግሬ ተነስቶ ነበር» ትላለች። እግሯን መለሰችው። እህቷን በብብቷ ስር ይዛ ጎተተቻት። እቴቴ ከባድ ሴት ናት፤ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከምድጃው ጥግ ጋር ተጋጨች፣ ጫማዋ ወለቀ። በሩ ጋ ሲደርሱ ታናሽየዋ ጮኸች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ አላት ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ከመፍጫው ጩኸት በላይ ተሰማ።

የደረሰላት ዝምታ ነው። እቴቴን እንደ ሕፃን አቅፎ ከደረጃው አወረዳትና በመኪናው ጋቢና ውስጥ አስተኛት። ጤና ጣቢያው እስኪደርሱ ድረስ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ የእቴቴ ራስ በእህቷ ጭን ላይ ሆኖ፣ ዝምታ የሩብ ሰዓቱን መንገድ ሙሉ ሲለፈልፍ ነበር። «ትንፋሽ አላት፤ እዪ ደረቷን፣ ትተነፍሳለች፤ አይዞሽ፣ ደረስን፣ ያ ዛፍ ጋ ነው፤ ትተነፍሳለች...» ሲል ሲል ደረሱ።

ኦክስጅን ሰጧት። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ታሪኩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና «ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ቢሆን...» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ባይጀምረው በተሻላት ነበር፤ ያልተነገረው ክፍል ለዘላለም ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ለእሷም ጭምብል አደረጉላት። ሁለቱ እህትማማቾች በሁለት አልጋ ላይ፣ አፍና አፍንጫቸው ተሸፍኖ ጎን ለጎን ተኙ። አንደኛዋ እንቅልፍ ላይ ናት፤ ሌላዋ የእህቷን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ትቆጥራለች። አንድ ጊዜ የዘገየ ሲመስላት ነርሷን ጠራች። ሁለተኛም ጠራች። በአምስተኛው ነርሷ ወንበር ይዛ መጥታ መሀላቸው ተቀመጠች።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ እቴቴ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፣ ጭምብሉን ነካች፣ ወደ እህቷ ዞረች።

«ጫማዬስ?»

ታናሽየዋ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ባልለየ ድምፅ ተንሰቀሰቀች። «እኔ ነኝ እቴቴ፤ እኔ ነኝ የገደልኩሽ። ፍርግርጉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጭሱ ነው።»

እቴቴ ጭምብሉን ከአፏ ፈቀቅ አደረገች። «ካርቶኑን ማን ያዘልሽ?» አለች። «እንግዲህ ከታሰርን አብረን ነው። አሁን ዝም በይ፣ ራሴን ያመኛል።»

እቴቴ ጤና ጣቢያ ቀርታ ታናሽየዋ ብቻዋን ተመለሰች፤ በረዶ በማግስቱ ጠዋት በአሮጌ ፒካፕ መጣ። ድምፁ ትልቅ ሰውነት ያለው ያስመስለዋል እንጂ ከሲታ፣ አንገቱ የረዘመ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ውኃ ልክ አውጥቶ የፍሪጁ ወለል ላይ አስቀመጠ። የቤቱ አንድ ጎማ ተንፍሶ ቤቱን ወደ ጎን አዘንብሎታል፤ ቀስ እያለ ስለሆነ እነሱ አላስተዋሉም። በክሪክ አንስቶ አስተካከለው። ከዚያ የታችኛውን ፍርግርግ አወለቀ። እሳቱ ከሚነድበት ቱቦ ውስጥ ተርብ በጭቃ የሠራውን ጎጆ በሽቦ እየፈለፈለ አወጣ፤ ጥላሸቱን በብሩሽ ጠረገ። በፍሪጁ ጀርባና በክፍሉ መካከል ያለው ሳንቃ ደግሞ ሁለት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። «ጭሱ በዚህ ነው የገባባችሁ» አለ። «በላይኛው መውጫ መውጣት ሲያቅተው።»

«ሙቀቱ እንዳይገባ ብዬ ነው እኮ ጋሼ።»

«ይህ ፍሪጅ በእሳት ነው የሚሠራው። ከምግቡ የወሰደውን ሙቀት በጀርባው ይተፋል። ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ፣ ከታች አየር ገብቶ ከላይ መውጣት አለበት። ሰው አፍንጫውን ይዘሽ ሩጥ ብትዪው ይሮጣል?»

ስንጥቁን እሳት በማይበላው ነገር ደፈነ። ከላይኛው ፍርግርግ ስር አየሩን ወደ ላይ የሚስብ ትንሽ ማራገቢያ ገጠመ። ከዚያ ወፍራም ሸራ አስመጥቶ ግድግዳውን ሳይነካ፣ በክንድ ያህል አርቆ ከፀሐይ በኩል ጥላ ሠራለት። መደርደሪያውን አጭቀው እንዳይሞሉ፣ ትኩስ ድስት እንዳያስገቡ ነገራት። ከሁሉም በኋላ ክብሪቱን ዘረጋላት።

«አንቺ ለኩሺው።»

«እኔ? አልችልም።»

«እኔ ነገ እዚህ አልኖርም» አለ።

ተንበረከከች። ላብ አጠመቃት። የመጀመሪያው ክብሪት ሳይያዝ ጠፋ፤ ሁለተኛው ተሰበረ። ሦስተኛውን ስትጭር እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ሽማግሌው አይቶ እንዳላየ ወደ መፍጫው ዞረ። እሳቱ ያዘ። አጭር፣ ሰማያዊ፣ ትንሽ እያፏጨ የሚነድ ነበልባል።

«ይህን ድምፅ ልመጂው» አለ በረዶ። «ቀለሙ ከተለወጠ ዘግተሽ ጥሪኝ። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ደግሞ አትጠብቂ፤ እስከ ነገ ጊዜ ስጪው።» ከዚያ በቤቱ ግድግዳ ላይ መርዛማ ጭስ ሲኖር የሚጮኽ መሣሪያ ሰቀለላትና ሄደ።

በማግስቱ ሰባት ዲግሪ ሆነ። ከጤና ጣቢያው አዲስ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አሮጌውን ነርሷ ወሰደችው። እቴቴ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሰች። ለሳምንታት ቃላት ይጠፉባት ነበር፤ «ማንኪያ» ለማለት ፈልጋ «ያ የሚያነሳው» ትላለች። በኋላ ተስተካከለ፤ ወይም ተስተካከለ አሉ። ታናሽየዋ ግን እህቷ ንግግሯን ባቋረጠች ቁጥር ቃል ፍለጋ ነው ወይስ ዝም ማለት ፈልጋ ነው እያለች ትሳቀቅ ነበር።

እህትማማቾቹ ሁለት በጋ አብረው አሳለፉ። እትዬ ተጠንቀቅ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በፍርግርጉ በኩል ጎንበስ ብላ እሳቱን ታያለች። አሁንም ትፈራዋለች። ሹፌሮቹ ለቀልድ «እትዬ፣ ዛሬ ምን ቀለም ነው?» ይሏታል፤ እሷም በቁም ነገር «ሰማያዊ ነው፣ ተመስገን» ብላ ትመልሳለች።

እቴቴ ያረፈችው በሦስተኛው ዓመት፣ በዝናብ ወራት፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ልቧ ነው አሉ። እትዬ ተጠንቀቅ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አቁማ ያ ጭስ ያመጣው ጣጣ ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀችው። «አይደለም እናቴ፤ ስኳሩና ዕድሜው ነው» አላት። ከቀብሩ በኋላ የጤና ጣቢያውን ወጣት ሐኪም ሄዳ ጠየቀችው። እሱም አይደለም አለ። በሌላ ቀን ሚዛን ላይ የቆመ አንድ ሹፌር ወንድሙ ሐኪም እንደሆነ ሲነግራት ስልክ አስደውላ ጠየቀች፤ ያም አይደለም አለ።

አራተኛ ሐኪም መጠየቅ ግን ፈራች፤ እሱ «ነው» ቢላትስ?